ከተከላው በኋላ፦ የጨረጨራ በሮችና የእኔ ሦስት ኤጀንቶች

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የጻፍኩት። ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ባለፈው ቅዳሜ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ቤት መጥቶ ላፕቶፔ ላይ የኤአይ ኤጀንቶች ማስተዳደሪያ ጫነልኝ። ኤጀንት ማለት፣ ለማያውቀው፣ ጥያቄ ሲጠየቅ መልሶ ዝም የሚል አይደለም። ሥራ ትሰጡታላችሁ፤ ፋይል ይከፍታል፣ ያነባል፣ ይጽፋል፣ ከፈቀዳችሁለት ኢሜይልም ይልካል። ማስተዳደሪያው ደግሞ ብዙ ኤጀንቶችን በአንድ ቦታ የምትመድቡበት ነው፤ እንደ ቢሮ ቁጠሩት። እኔ ሦስት "ቀጠርኩ"። አንደኛው ለዓመታት ያጠራቀምኳቸውን የታሪክ ፈተና ጥያቄዎች በምዕራፍ ይለያል። ሁለተኛው የተደጋገመውንና የተሳሳተውን ይለቅማል። ሦስተኛው ሳምንታዊ መልመጃ አዘጋጅቶ ለባልደረቦቼ ይልካል።

ተከላው ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ልጁ "ቲቸር፣ አለቀ!" ብሎኝ ሄደ።

አላለቀም ነበር። ለካ ኤጀንቶቹ በየ15 ደቂቃው እየነቁ "ሥራ አለ ወይ?" ብለው እንዲያዩ ሆነው ነው የሚመጡት። እኔ እሱን አላየሁም። በነቁ ቁጥር ያን ሁሉ ጥያቄ ከመጀመሪያው ያነባሉ፤ ባነበቡ ቁጥር ደግሞ ሒሳብ ይቆጥራል። ማታ 3 ሰዓት ላይ ትቻቸው ተኛሁ። ጠዋት 1 ሰዓት ስነሳ፣ ውጭ አገር ያለች ሌላ ተማሪዬ በካርዷ የሞላችልኝ 20 ዶላር ሙልጭ ብሏል። የተሠራው ሥራ? አንድ ምዕራፍ፣ እሱንም ደጋግመው ነው የለዩት።

ልጅቷ "ቲቸር፣ ምንም አይደል" አለችኝ። እኔ ግን አፈርኩ። እሁድ ከሰዓት ጣና ዳር ቁጭ ብዬ ሳሰላስል ትዝ ያለኝ ታዲያ ኮምፒውተር አይደለም፤ ጨረጨራ ነው። የታሪክ አስተማሪ ነገር!

እስቲ ታሪኩን ላስታውሳችሁ። (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።)

ወደ ጣና የሚገባው ወንዝ ብዙ ነው፤ የሚወጣው ግን ዓባይ ብቻ ነበር። በ1964 የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ፤ 11.4 ሜጋዋት። ያኔ ሐይቁ በር አልነበረውም። ክረምት ዓባይ ይሞላል፣ በጋ ይቀንሳል፤ ማመንጫውም የመጣለትን ውሃ ይጠቀማል።

በ1996 እዚሁ ባሕር ዳር፣ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ቦታ፣ የጨረጨራ ግድብ ተሠርቶ አለቀ። በሩ ሁለት ነበር። በ2001 ወደ 72 ሜጋዋት የሚያመነጨው ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ማመንጫ ሲመጣ አምስት በር ተጨመረና ሰባት ሆነ። ለዓይን ትልቅ ግድብ አይደለም። ሥራው የሐይቁን ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ በ1784 እና በ1787 ሜትር መካከል ማስተዳደር ነው። ሦስት ሜትር ብቻ። ግን ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ሦስት ሜትር ማለት ወደ 9 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ነው። ይህን ሁሉ ውሃ የያዘው ያ በር ነው።

ከዚያ 2003 መጣ። ዝናቡ አነሰ። በሌላው የአገሪቱ ክፍል ያሉ ማመንጫዎችም በሚፈለገው መጠን ማመንጨት አልቻሉም። ስለዚህ ሁለቱ የጢስ ዓባይ ማመንጫዎች በሙሉ አቅማቸው እንዲሠሩ ተደረገ፤ በሮቹም ለዚያ የሚበቃ ውሃ ለቀቁ። በሰኔ ጣና መለካት ከተጀመረ ወዲህ ታይቶ በማይታወቅ ደረጃ ወረደ። ትልልቅ ጀልባዎች ለአራት ወር ያህል መንቀሳቀስ አልቻሉም። በዘጌም በሌላውም ዳርቻ ውሃው ሸሸ፤ በሸሸበት መሬት ላይ ገበሬው ዘራበት። ደንገሉ ደረቀ። ደንገል ለነገዴ ወይጦ ወገኖቻችን ታንኳ ነው፣ እንጀራ ነው። ዓሣ አጥማጁም ተጎዳ።

የዕድሜ እኩዮቼ ታስታውሱ ይሆናል። እኔ ልጅ ነበርኩ። በዚያው ሰሞን ከትምህርት ቤት ጢስ ዓባይን ልናይ ሄድን። ስሙ እንደሚለው ጭስ የመሰለ ነገር ከሩቅ ይታየናል ብለን ስንጠብቅ፣ ያየነው ጥቁር አለትና ጥግ ላይ የምትወርድ ቀጭን ውሃ ነው። አስተማሪያችን "ውሃው ለመብራት ሄዷል" አሉን። ማታ ቤት ስገባ መብራቱ በርቷል። በዚያ ብርሃን የቤት ሥራዬን ሠራሁ። ስለዚህ "ለምን መብራት?" የሚል ሰው አይደለሁም።

አሁን ልብ በሉ። በሮቹ አልተበላሹም። ሲታዘዙ ተከፈቱ፣ ሲታዘዙ ተዘጉ። ነገርዬው ያለው ቁጥሩ ላይ ነው። ለግድቡ የተቀመጠው ዝቅተኛው ወሰን 1784 ሜትር ነው አልኳችሁ። ትልልቆቹ ጀልባዎች ለመንቀሳቀስ የሚያስፈልጋቸው ደግሞ 1784.75 ሜትር። በመካከላቸው 75 ሳንቲ ሜትር አለ። በዚያች ሳንቲ ሜትር ውስጥ ማንም ደንብ ሳይጥስ ጀልባው ይቆማል! በ2003ም ሐይቁ ከ1784 በታች አልወረደም። ወሰን ነበረ፤ ግን የጀልባውን ሰው ወሰን ያየ ወሰን አልነበረም።

የእኔም 20 ዶላር እንዲሁ ነው ያለቀው። 15 ደቂቃ የሚለውን ቁጥር የወሰነው ፕሮግራሙን የሠራው ሰው ነው። ለእሱ ልክ ሊሆን ይችላል። ካርድ አበድሮ 20 ዶላር የሞላለትን ሰው ግን አያውቅም። እሱን ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ።

በ2010 ደግሞ የጣና በለስ ማመንጫ ተመረቀ፤ 460 ሜጋዋት። ከሐይቁ ምዕራብ ወደ 12 ኪሎ ሜትር በሚረዝም ዋሻ ውሃ ይወስዳል። የጢስ ዓባዮቹ ማመንጫዎች ከዚያ በኋላ ተጠባባቂ ሆነው ነበር። እንግዲህ አንድ ሐይቅ፣ ሁለት መውጫ። አንዱን በር ብቻ እያዩ ሐይቁን ማስተዳደር አይቻልም፤ የሁለቱን ድምር የሚያይ ያስፈልጋል። የእኔም ሦስቱ ኤጀንቶች ከአንድ ኪስ ነበር የሚበሉት፤ ድምሩን የሚያይ ግን አልነበረም።

ሌላም ሁላችሁም የምታስታውሱት አለ። መጋቢት 7 ቀን 2016 (ይህን በእኛ አቆጣጠር) ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም በሒሳባቸው ካለው በላይ ለሚያወጡ ሰዎች ክፍት ሆኖ አደረ። ባንኩ እንዳስረዳው ምክንያቱ የሲስተም ማሻሻያ ሥራ እንጂ የውጭ ጥቃት አልነበረም። በሰዓታት ውስጥ 800 ሚሊዮን ብር ገደማ ወጣ። ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸውን "መልሱ" እያሉ ማስታወቂያ አወጡ። አያያዙን አይተህ ጭብጦውን ቀማው ይባል የለ? ማሽን ክፍት የተወለትን በር ይሉኝታ ይዞት አይዘጋውም።

እና ሰኞ ማታ ልጁን በስልክ ይዤ ከተከላው በኋላ መሠራት የነበረበትን ሥራ ጀመርኩ። ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀብን፤ ከተከላው አምስት እጥፍ።

መጀመሪያ የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል ቀየርን፤ ገጹም ከእኔ ላፕቶፕ ውጭ እንዳይከፈት አደረግን። ቀጥሎ ወጪ። ለእያንዳንዱ ኤጀንት የቀን ጣሪያ፣ ለሦስቱም የወር ድምር ጣሪያ ሰጠን፤ ጣሪያው ሲነካ ይቆማሉ። በየ15 ደቂቃው መንቃቱን አጠፋነው፤ ሥራ ስሰጣቸው ብቻ ይነሣሉ። ፈቃድ ደግሞ እንዲህ ሆነ፦ ለዪው ማንበብና መገልበጥ እንጂ መሰረዝ አይችልም። ላኪው ያዘጋጃል፤ "ላክ" የምለው ግን እኔ ነኝ። ማን በስንት ሰዓት ምን እንዳደረገ የሚመዘግበው መዝገብ እንዳይጠፋ አስቀመጥን፤ ጠዋት ጠዋት አየዋለሁ። የጥያቄዎቼን ቅጂ ፍላሽ ላይ ገለበጥኩ። በመጨረሻ ሁሉንም የሚያቆመውን ቁልፍ ሥራ ላይ እያሉ ሞከርነው። ቆሙ። ሳይሞከር የተቀመጠ ማቆሚያ አለኝ ማለት አይቻልም።

መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነው፤ ድስቱ ከተጣደ በኋላ አይደለም።

ይህን ሁሉ ያወራሁት ለ20 ዶላር ብዬ አይደለም። ማክሰኞ አንድ ባልደረባዬ "እንግዲያው ሮስተሩን ለምን አንሰጠውም? ውጤት ይደምር፣ ደረጃ ያውጣ፣ ለወላጅ መልእክት ይላክ" አለኝ። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ሮስተር ስንሞላ የምናድርባቸውን ሌሊቶች የምታውቁ ታውቃላችሁ። ግን ሮስተሩ ላይ የልጆች ስም፣ ውጤት፣ የወላጅ ስልክ አለ። አንድ ልጅ በስህተት "ወድቋል" የሚል መልእክት አባቱ ስልክ ላይ ቢደርስ፣ ያን ማታ እዚያ ቤት የሚሆነውን መዝገቡ አይጽፈውም።

"አሁን አይሆንም" አልኩት። መጀመሪያ ከወላጆችና ከተማሪዎቹ ጋር ተቀምጠን ምን እንዲነካ፣ ምን እንዳይነካ፣ ሲሳሳት ለማን አቤት እንደሚባል እንጻፍ። እዚህ ላይ የጀልባው ሰዎች እነሱ ናቸው። ቁጥሩ ሳይወሰን ይጠየቁ።

ተሳስቼ ይሆናል፤ ባልደረባዬ "አንተ ሥራ አዘግይ ብቻ" ብሎኛል። እናንተስ ምን ትላላችሁ? በተለይ በ2003 ጣና ዳር የነበራችሁ፣ ያያችሁትን ጻፉልኝ፤ ለ9ኛ ክፍል ልጆቼ አነብላቸዋለሁ።

ቸር ሰንብቱ።