ከፒያሳ ስትታይ ኢጣሊያ፦ የጎንደር ሕዝብ ስለ ወራሪው መንግሥትና ስለ መሪው የነበረው አመለካከት

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ። ለንባብ እንዲመች በመጠኑ ተስተካክሏል።)



ዛሬ ወደዚህ አዳራሽ ስትመጡ አብዛኞቻችሁ በፒያሳ በኩል እንዳለፋችሁ እገምታለሁ። ፒያሳ አደባባይ ማለት ነው፤ ቃሉ የኢጣሊያንኛ ነው። አምስት ዓመት ከመንፈቅ ያህል ገዝቶ፣ በጦር ሜዳ ተሸንፎ የወጣ ጠላት ለከተማችን እምብርት የሰጠው ስም፣ ከሰማንያ ዓመት በኋላም በአፋችን ላይ አለ። «ባንዳ» የሚለውም ቃል የመጣልን ከዚያው ቋንቋ ነው። በኢጣሊያ ሠራዊት ዘንድ ከአገሬው ሰው የተመለመለ መደበኛ ያልሆነ ጦር መጠሪያ ነበር። እኛ ዘንድ ግን ከዚህ የከፋ ስድብ የለም። አንዱን ቃል ቀጠሮ መያዣ አደረግነው፤ ሌላውን እርግማን።

የዛሬው ጥያቄዬ ከዚህ ይነሣል። የጎንደርና የሰሜኑ ደጋ ሕዝብ ስለ ኢጣሊያና ስለ ሙሶሊኒ በእርግጥ ምን ያስብ ነበር? በክፍል ውስጥ ይህን ስጠይቅ ሁለት መልሶች ይመጡልኛል። አንዱ «ሁሉም አርበኛ ነበር፣ ሁሉም ይጠላቸው ነበር» ይላል። ሌላው፣ በተለይ በቅርብ ዓመታት ከወጣቶች የምሰማው፣ የፖስታ ቤቱን ሕንፃና የሊማሊሞን መንገድ እየጠቀሰ «ምናለ ትንሽ በቆዩ ኖሮ» ይላል። ሁለቱም መልሶች ሕዝቡን አንድ አፍና አንድ ልብ ብቻ ያለው አድርገው ስለሚያዩት አይበቁኝም።

ነገርን ከሥሩ እንዲሉ፣ ከወረራው በፊት እንጀምር። ኢጣሊያ በጎንደር ቆንስላ ነበራት። የዓድዋ ድል ገና የአርባ ዓመት ትዝታ ነበርና፣ ዘማቾቹ በሕይወት ባሉበት አገር ቆንስላው በጥርጣሬ ዓይን ይታይ ነበር። በጥቅምት 1927 ዓ.ም.፣ ከወልወል ግጭት አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ ቆንስላው በታጠቁ ሰዎች ጥቃት ደረሰበት፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ።

ይሁን እንጂ ለኢጣሊያ ያለው ስሜት ለማዕከላዊው መንግሥት ካለው ስሜት ተነጥሎ አይታይም። የበጌምድር ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ በመጋቢት 1922 ዓ.ም. በአንቺም ጦርነት ከማዕከላዊው መንግሥት ሠራዊት ጋር ሲዋጉ ሞተዋል። ያ ቁስል በአካባቢው መኳንንት ዘንድ አልጠገገም ነበር። የኢጣሊያ ሰላዮችም ይህን ያውቁ ነበር፤ ደጃዝማች አያሌው ብሩን የመሰሉ ቅሬታ ያላቸውን ሹማምንት ለማባበል ብዙ ሞክረዋል። ደጃዝማቹ ግን ከራስ እምሩ ጋር ዘምተው በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. በተከዜ አቅጣጫ በተደረገው ውጊያ ጠላትን ገጥመዋል። ከዚህ አንድ ነገር እንማራለን፤ በአዲስ አበባ የተቀየመ ሁሉ ኢጣሊያን ወዶ ነበር ማለት አይደለም። ቅሬታ የነበረበት ሰው ለባዕድ የሚሰጠው መልስ ግን ከሌላው ይልቅ የተወሳሰበ ነበር።

መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በፋሺስት ፓርቲው ዋና ጸሐፊ በአኪሌ ስታራቼ የተመራ ጦር በካሚዮን ጎንደር ገባ። ጎንደርም «የአማራ ግዛት» የተባለው አስተዳደር ዋና ከተማ ሆነች። ገዥዎቹ የመሪያቸውን ስም ለማስረጽ ብዙ ደከሙ። በአዲስ አበባ «የቄሳር መንግሥት መልእክተኛ» የተባለ ጋዜጣ በአማርኛ አሳተሙ። ሙሶሊኒ ራሱ ግን ኢትዮጵያን አንድ ቀን እንኳ አልረገጠም። የደባት ወይም የዳባት ወረዳ ጎረቤት የሆነው የወገራ ገበሬ የሚያውቀው በስሙና በምስሉ ብቻ ነበር። ስለዚህ መሪውን የመዘነው ደጁ ድረስ በመጣው ሹም፣ ጠመንጃውን በጠየቀው መኮንንና መንደሩን ባቃጠለው ጦር ነው።

ከእነዚህም እጅግ የከበደው የጠመንጃው ጥያቄ ነበር። በደጋው አገር ጠመንጃ የወንድ ልጅ ክብር፣ የርስት ዋስትናም ነው። ትጥቅ የማስፈታቱ ዘመቻ በተጠናከረበት ጊዜ በበጌምድርና በጎጃም ዓመፁ የተስፋፋው በአጋጣሚ አልነበረም። እንደ አሞራው ውብነህ ያሉ አርበኞች በአርማጭሆና በአካባቢው ተከታይ ያገኙት በንጉሠ ነገሥቱ ስም ብቻ ሳይሆን በዚህም ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ንቀት ነው። በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. የወጣው የኢጣሊያ ሕግ፣ አንድ ኢጣሊያዊ ከአፍሪካዊት ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እንዲታሰር ይደነግግ ነበር። አርክቴክቱ ጌራርዶ ቦዚዮ ለጎንደር የነደፈው ፕላንም የነጮችንና የአገሬውን ሰፈር የሚለይ ነበር። ዛሬ ቡና የምንጠጣበት ፒያሳ የተሠራው ለእኛ ታስቦ አይደለም። ሕንፃውን የሚያደንቅ ተማሪ ይህን አብሮ እንዲያስታውስ እፈልጋለሁ፤ ውበቱን አልክድም፣ የታሰበለትን ሰው ግን አልረሳም።

አሁን ወደ ማስረጃው ጉዳይ ልምጣ። በዚያ ዘመን የሕዝብ አስተያየት የሚሰበሰብበት መጠይቅ አልነበረም። ታዲያ ሕዝቡ ምን ያስብ እንደነበር በምን እናውቃለን? ከሁሉ የሚደንቀኝን ምስክር የሰጠን ጠላት ራሱ ነው። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እልቂት በኋላ ግራዚያኒ ጠንቋዮች፣ ባሕታውያንና አዝማሪዎች እየተያዙ እንዲገደሉ አዘዘ። ምክንያቱንም ለሮም ሲገልጽ፣ እነዚህ ሰዎች የኢጣሊያ አገዛዝ በቅርቡ ያከትማል እያሉ በሕዝቡ ዘንድ ወሬ ያሰራጫሉ አለ። ሙሶሊኒም እርምጃውን አጸደቀ። አስቡት፤ አውሮፕላንና የመርዝ ጋዝ የያዘ መንግሥት ማሲንቆ የያዘ ሰው ፈራ። አዝማሪ በጠጅ ቤት የሚገጥመው የግሉን ስሜት ብቻ አይደለም፤ አድማጩ የሚቀበለውን፣ የሚስቅበትን፣ ብር የሚሸልምበትን ነው። ግራዚያኒ አዝማሪን ሲገድል የሕዝቡን አስተያየት ማንበቡን አመነ። የጎንደር ልጅ ለሆነ የታሪክ ተማሪ ከዚህ የበለጠ ሰነድ የት ይገኛል?

ይህ ሁሉ ሲሆን ሕዝቡ ፋሺስትንና ኢጣሊያዊን መለየት አላቃተውም። በ1931 ዓ.ም. ገደማ ኢሊዮ ባሮንቲኒና ሁለት ጓደኞቹ፣ ፀረ ፋሺስት የሆኑ ሰዎች፣ በሱዳን በኩል ገብተው ከአርበኞች ጋር ቆይተዋል። አርበኞቹ ነጭ ፊት ስላዩ አልገደሏቸውም። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ ሲገቡ ክፉን በክፉ አትመልሱ ብለው ያወጁትም ከዚህ ስሜት ጋር የተስማማ ነበር። ጎንደር ግን ነጻነቷን ለማየት ከስድስት ወር በላይ መጠበቅ ነበረባት። የወልቂፊት ምሽግ በመስቀል ሰሞን፣ ቁልቋል በር በኅዳር ሚካኤል ዕለት ወደቁ። ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ጄኔራል ናዚ በጎንደር እጁን ሰጠ። በምሥራቅ አፍሪካ የኢጣሊያ አገዛዝ ያከተመው እዚህ፣ በእኛ ከተማ ነው።

ንግግሬን ከመቋጨቴ በፊት ስለ ራሴ ቤት አንድ ነገር ልናገር። በቤታችን ወንድ አያቴ አርበኛ እንደነበሩ እየተነገረኝ አደግሁ። እውነት ነው፤ አርበኛ ነበሩ። ተመራቂ ተማሪ ሳለሁ ግን የቃል ታሪክ ለመሰብሰብ ሴት አያቴ ዘንድ ደባርቅ ሄድሁ። የምሥክርነት ቃል መቅዳት ገና አልለመድሁም ነበር። እሳቸው ቡና እያፈሉ፣ ቀስ ብለው፣ «አያትህ መጀመሪያ የገቡት ለጣሊያን ነው፤ ጠመንጃውን የሰጧቸው እነሱ ናቸው፤ በዓመቱ በዚያው ጠመንጃ ጫካ ገቡ» አሉኝ። ለምን ገቡ ብዬ ብጠይቅ «ልጆች ነበሩን» አሉ። ለምን ከዱ ብዬ ብጠይቅ «ልጆች ነበሩን» ብለው ያንኑ ደገሙልኝ። ስለ መንገዱ ስጠይቃቸውም «መንገዱ ደግ ነው፤ የመጣበት ሰው ነው ክፉው» አሉ።

ያንን ቃል ለሃያ አምስት ዓመት በማስታወሻ ደብተሬ ውስጥ ዘግቼ አኖርሁት። በጉባኤ ላይ የሌሎችን ሰነድ ስተች ኖሬ የአያቴን ሸሸግሁ። ዛሬ በሽማግሌዎቻችሁ ፊት የምናገረው ዘመዴን ለማሳነስ አይደለም። «ባንዳ» የሚለውን ቃል ዛሬ በየምክንያቱ ስንወራወረው ስሰማ፣ ቃሉ በተወለደበት ዘመን እንኳ አንድ ሰው በአንድ ጠመንጃ ሁለቱንም ሆኖ እንደነበር ማስታወስ ግዴታዬ መስሎ ስለታየኝ ነው።

የሕዝብ አስተያየት በአንድ ቀን ተለክቶ የሚያልቅ አይደለም። ፍርሃት፣ ቂም፣ የልጆች ርሃብ፣ የጠመንጃ ክብርና የአዝማሪ ግጥም በአንድነት የሚሠሩት ነው። ውድ ተማሪዎቼ፣ በየቤታችሁ በሕይወት ያሉ አያቶች ካሉ ሄዳችሁ ጠይቁ። የሚነግሯችሁ ከምትጠብቁት የተለየ ቢሆን፣ እንደ እኔ ሃያ አምስት ዓመት አትቆዩ።