የኮንሶ እንጨት ጠራቢዎችና የመቃብር ምስሎቻቸው

የአገራችን ታሪክ ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሰው በድንጋይ የተጠረበውና በብራና የተጻፈው ነው። አክሱምና ላሊበላ ስማቸው ከፍ ብሎ ሲጠራ፥ በእንጨት ላይ የተቀረጸው ታሪክ ግን ፈላጊው ጥቂት ነው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በኮንሶ ምድር «ዋካ» ስለሚባለው የመቃብር ምስል ጥቂት ማስረዳት አስፈላጊ ሆኖ ተገኝቷል።

ዋካ ለማንም ሰው አይቆምም። ጠላት የገደለ፥ አንበሳ ወይም ነብር የጣለ፥ ወይም በሕዝቡ ዘንድ እጅግ የተከበረ ሰው ሲሞት የሚቆም ነው። ጀግናው በመካከል ይሆናል፤ ሚስቶቹ በግራና በቀኝ ይሰለፋሉ፤ የገደላቸው ጠላቶችና አውሬዎችም አብረው ይደረደራሉ። በጀግናው ግንባር ላይ «ከላቻ» የሚባለው የማዕረግ ምልክት ይቀረጻል።

ጠራቢው የሚሠራው ከጠንካራ ዛፍ ግንድ ነው። ምስሉ እንደ ምሰሶ ቀጥ ያለና ጠባብ መሆኑ፥ እጁም ከአካሉ አለመራቁ፥ በእኔ አስተያየት ከጥበብ ማነስ የመጣ ሳይሆን ጠራቢው ለግንዱ ቅርጽ በመታዘዙ ነው። የግሪኮችን የእብነ በረድ ሐውልት በመጽሐፍ እያየን ያደግን ተማሪዎች ይህን «ያልበሰለ ሥራ» ለማለት እንቸኩላለን። ፊቱን ልብ ብሎ የተመለከተ ግን እንዲህ አይልም፤ ጠራቢው ትጋቱን ሁሉ ያፈሰሰው እዚያ ላይ ነውና።

በኮንሶ ዛፍ እንደ ልብ አይገኝም። ተራራው በድንጋይ እርከን ተከቦ ለእርሻ ውሏል፤ የአንዳንዱ እርከን ግንብ ቁመቱ እስከ 5 ሜትር ይደርሳል። ጥቅጥቅ ያለው የጥድ ደን የተረፈው በተለይ «ፖቃላ» የሚባሉት የጎሣ አባቶች በሚኖሩበትና በሚቀበሩበት ስፍራ ሲሆን፥ ዛፉን እንደ ፈቀዱ መቁረጥ በልማድ የተከለከለ ነው። ሙታን ለሕያዋን ደን ጠበቁላቸው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ጀርመናዊው ዬንሰን እ.ኤ.አ. በ1934–35 ባደረገው ጉዞ፥ እንግሊዛዊው ሃልፓይክም በ1972 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ኮንሶ ሕዝብ ብዙ ጽፈዋል። በ2011 ደግሞ የኮንሶ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ። ነገር ግን ብዙ ዋካዎች ከመቃብር እየተነቀሉ ለውጭ አገር ገዥ ተሸጠዋል። ከተያዙት አንዳንዶቹ በካራት ከተማ በተሠራው ሙዚየም ተቀምጠዋል።

እንጨቱ ተመለሰ፤ ታሪኩ ግን ሁሉም አልተመለሰም። በዋካ ላይ ጽሑፍ የለበትም። ይህ ጀግና ማን ነው፥ ይህችስ የማን ሚስት ናት የሚለው የሚታወቀው ምስሉ ከቆመበት ስፍራ፥ ከጎረቤቶቹ ምስሎችና ከዘመዶቹ አፍ ብቻ ነው። ስለሆነም ገና በስፍራቸው የቆሙትን፥ ምስጥና ዝናብ ሳይጨርሳቸው፥ ቤተ ሰቡን እየጠየቁ ከነአሰላለፋቸው መመዝገብ ለታሪክ ተማሪ የሚገባ ሥራ ነው፤ ለዚህም የኮንሶ ቋንቋ የሚያውቁ ተማሪዎች ከሁሉ ይልቅ የተሻሉ ናቸው።