ቀላድና ግብር፤ የቢቸናና የሞጣ ትምህርት

መሬትን መሠረት አድርጎ የሚጣል ክፍያ፣ ግብርም ይሁን የመስኖ ውኃ ዋጋ፣ ሦስት ነገሮችን ይሻል፤ ስፋቱን የሚያሳይ ልኬት፣ ለምነቱን የሚለይ ግምት፣ ገንዘቡን ተቀብሎ ደረሰኝ የሚሰጥ ታማኝ እጅ። በሦስቱ ላይ የሕዝብ እምነት ቢጓደል ምን እንደሚከተል የምሥራቅ ጎጃም ታሪክ ይመሰክራል።

በ1937 ዓ.ም. በወጣው የመሬት ግብር ዐዋጅ መሠረት፣ በተለካው አገር አንድ ጋሻ መሬት፣ ማለትም 40 ሄክታር ገደማ፣ ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ተብሎ ይመደብ ነበር። ግብሩና ዐሥራቱ ተደምሮ ለለሙ 50 ብር፣ ለጠፉ 15 ብር ይከፈልበት ነበር። ጎጃም ግን በጋሻ ስላልተለካ በነባሩ ልማድ የተወሰነበትን ብቻ ይገብር ነበር።

ባላገሩ ልኬትን የፈራው ያለ ምክንያት አይደለም። ርስት ከአያት ከቅድመ አያት በትውልድ የሚወረስ መብት ነበር። በደቡቡ የአገራችን ክፍል ደግሞ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ቀላድ ከተጣለ በኋላ ብዙ መሬት ከነባሩ ባለይዞታ ወጥቶ ለመንግሥትና ለሹማምንት ተሰጥቷል። ስለዚህ ለጎጃሜው ቀላድ የርስት መነቀል ዋዜማ ነበር።

በ1960 ዓ.ም. ዐሥራትን የሚተካው የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ ሲወጣ ይኸው ስጋት ተቀሰቀሰ። ግብሩ እንደ ገቢው መጠን የሚያድግ በመሆኑ፣ በወረቀት ሲታይ ለአነስተኛው ገበሬ የከበደ አልነበረም። ሆኖም በጠቅላይ ገዥው በደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ አስተዳደር ላይ የነበረው ምሬት ተጨምሮበት፣ የቢቸናና የሞጣ ሕዝብ ገማቾችን አላስገባም ብሎ ሸፈተ። መንግሥትም ጦር ሠራዊትና የጦር አውሮፕላን አዘመተ፤ ሰው አለቀ፣ ቤት ተቃጠለ። በመጨረሻ ግን ገዥው ተነሡ፣ ውዝፉ ግብር ተማረ፣ አዲሱም ግብር በጎጃም ሳይሠራበት ቀረ።

በ1990ዎቹ የገጠር መሬት ምዝገባ በአማራ ክልል ሲጀመር ገመዱ ተመልሶ መጣ። በዚህ ጊዜ ግን ወሰኑ ላይ ጎረቤቶችና ሕዝቡ የመረጠው የቀበሌ ኮሚቴ ቆመው መሰከሩ፤ ለገበሬውም የይዞታ ደብተር ተሰጠው።

ዛሬ ደግሞ የውኃው ተራ ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት ዐዋጅ ቁጥር 841 ማኅበራቱ ከአባሎቻቸው ክፍያ እንዲሰበስቡ ይፈቅዳል። በመራዊ አጠገብ እንደሚገኘውና 7,000 ሄክታር ያህል እንዲያጠጣ እንደ ተሠራው እንደ ቆጋ ባለ ግድብ ሥር፣ ማሳው ከቦዩ ራስ የሆነውና ከቦዩ ጫፍ የሆነው ገበሬ እኩል ውኃ አያገኙም። የማሳው ስፋት ብቻ ተቈጥሮ ሁለቱ እኩል ይክፈሉ ቢባል፣ ልኬቱ ትክክል ሆኖ ሳለ ፍርዱ ይጣመማል።

ስለዚህ የሙያ ባልደረቦቻችን መዝገብ ከመክፈታቸው አስቀድመው፣ ልኬቱ ለምን እንደ ተፈለገ፣ ገንዘቡም በምን ላይ እንደሚውል ለከፋዩ ያስረዱ። ቢቸናና ሞጣ ይህን ትምህርት በደም ዋጋ ጽፈውልናል።