በጎንደር የሚገኝ አሮጌ ብስክሌት አገሩና ዘመኑ የሚታወቅበት መንገድ

ጎንደር ከመጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. እስከ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. በኢጣልያ ጦር እጅ ስለ ቈየች፥ በከተማውም ሆነ በደጋው አገር አሮጌ ብስክሌት ሲታይ «የጣልያን ጊዜ ነው» ማለት ይቀላል። ጎማ፥ ፍሬንና ካቴና የተባሉት ቃላት ከኢጣልያንኛ መምጣታቸውም ይህን አሳብ የሚያጸና ይመስላል። ነገር ግን ቃል የጠጋኙን ቋንቋ ታሪክ ይገልጻል እንጂ ብረቱ የት እንደ ተሠራ አይመሰክርም። የፈረንሳይም ዕቃ ከ1909 ዓ.ም. ጀምሮ ከጅቡቲ አዲስ አበባ በሚደርሰው ባቡር የሚገባበት በር ነበረው።

የጭቃ መከላከያው፥ መብራቱና የዕቃ መጫኛው ከአካሉ ጋር አብረው የታሰቡለት ብስክሌት ሲገኝ የፈረንሳይ የመንገደኛ ብስክሌት መሆኑ ይጠረጠራል። የአገሩ ምስክር የፔዳሉ ዘንግ በሚያልፍበት ቱቦ ውስጥ የሚጠመዘዘው ቀለበት ነው፤ ስፋቱ በፈረንሳይ ልማድ 35፥ በኢጣልያ 36 ሚሊሜትር ነበረ። ስዊሶችም በ35 ይሠሩ ስለ ነበር የፋብሪካውን ማኅተም አብሮ መመርመር ያስፈልጋል።

ስለ ዘመኑ፥ የፈረንሳይ ሠሪዎችም ይገለገሉበት የነበረው የእንግሊዙ ሬይኖልድስ 531 ቱቦ ከ1935 እ.ኤ.አ. አይቀድምም። ሲምፕሌክስ የተባለው የዲዦን ፋብሪካ የፕላስቲክ ማርሽ መለወጫ ያወጣው ደግሞ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ነው። ሁለቱ በአንድ ብስክሌት ላይ ቢገኙ፥ መለወጫው የጥገናውን ዘመን ብቻ ሊናገር ይችላል። የብራና መጽሐፍ ሊቃውንት ጽሕፈቱንና ድጉሰቱን ለየብቻ እንደሚመረምሩ፥ እዚህም አካሉንና ዕቃውን መለየት ይገባል። ሁሉ ለወረራው ዘመን ከተሰጠ ግን ከነጻነት በኋላ የነበሩት ነጋዴዎችና ጠጋኞች ከታሪክ ይሰረዛሉ።