ቶነር ማስሞላት

ቶነር ማስሞላት ዱቄቱ ያለቀበትን የሌዘር ፕሪንተር ካርትሪጅ በአዲስ ከመተካት ይልቅ ከፍቶ፣ አጽድቶና አዲስ ዱቄት ጨምሮ መልሶ መጠቀም ነው። በኢትዮጵያ የጽሕፈትና ፎቶኮፒ ቤቶች፣ ትምህርት ቤቶችና መሥሪያ ቤቶች የኅትመት ወጪያቸውን የሚቀንሱበት የተለመደ መንገድ ነው።

ዋናው ወጪ ማሽኑ አይደለም። አምራቾች ፕሪንተሩን በርካሽ ሸጠው ትርፋቸውን ከካርትሪጁ ስለሚያገኙ፣ አነስተኛ ፕሪንተር የገዛ ሰው ጥቂት ጊዜ ካርትሪጅ ሲቀይር የማሽኑን ዋጋ ዳግም ከፍሏል። ካርትሪጅ ደግሞ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ዕቃ ነው፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ዕቃው ከደሴ በአቀስታ አድርጎ የደቡብ ወሎን ደጋ አቋርጦ በሚደርስባት በመካነ ሰላም ከተማ ለምሳሌ፣ የመጓጓዣው ወጪ ይታከልበታል። የኅትመት ሥራው ግን አይጠፋም፤ ከተማዋ የቦረና ወረዳ መቀመጫ ናት፣ ከመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች አንዱም የሚገኘው በእርሷ ነው። ማመልከቻው፣ ውሉ፣ የመመረቂያ ጽሑፉ ሁሉ መታተም አለበት።

የሌዘር ቶነር ፈሳሽ ሳይሆን ደቃቅ የፕላስቲክ ዱቄት ነው። ድራም የሚባለው ሲሊንደር ዱቄቱን በኤሌክትሪክ ስቦ ወረቀቱ ላይ ያሳርፈዋል፤ ማሞቂያው አቅልጦ ያጣብቀዋል። በኤችፒ ሌዘርጄት ፒ1102 የሚገባው 85ኤ ካርትሪጅ በአምራቹ መለኪያ 1,600 ገጽ፣ የቀድሞው 12ኤ ደግሞ 2,000 ገጽ ያትማል። ቁጥሮቹ የተለኩት በመደበኛ የሙከራ ገጽ በመሆኑ፣ ፎቶና ወፍራም ርዕስ የበዛበት ሥራ ቀድሞ ይጨርሰዋል። በእነዚህ ካርትሪጆች ውስጥ ድራሙ፣ ማግኔቱ፣ መጥረጊያ ብሌዱና የቆሻሻ ማጠራቀሚያው ከዱቄቱ ጋር አብረው ናቸው። ስለዚህ ዱቄት አለቀ ተብሎ ካርትሪጁ ሲጣል፣ ገና የሚሠራ ድራም አብሮ ይጣላል። ማስሞላት የሚያዋጣው በዚህ ምክንያት ነው።

የሥራው ጥራት የሚታወቀው በጽዳቱ ነው። ደህና ባለሙያ ዱቄት ከመጨመሩ በፊት የተጠራቀመውን ቆሻሻ ቶነር ያወጣል። ይህን ዘልሎ ቀዳዳ በስቶ ዱቄት ብቻ የሚጨምር፣ ለጊዜው ርካሽ ቢመስልም ማጠራቀሚያው ሲሞላ ወረቀቱን ሁሉ ያጠቁራል። ቆሻሻውን መልሶ መጠቀምም አያዋጣም፤ የወረቀት ብናኝ ስላለበት የኅትመቱን ጥራት ያወርዳል። በእኩል ርቀት እየተደጋገመ የሚታይ ነጥብ ብዙውን ጊዜ የድራም ጉዳት ምልክት ነው፤ ዱቄት ቢጨመርም አይለቅም፣ ድራሙን ብቻ አውጥቶ መቀየር ግን ይቻላል። የፈሰሰ ቶነር በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል፣ እጅም በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠባል፤ ሙቅ ውኃ ዱቄቱን ያጣብቀዋል።

ፈሳሽ ቀለም የሚጠቀመው ኢንክጄት ሌላ ጠባይ አለው። በተከፈተ ቁጥር ራሱን ለማጽዳት ቀለም ያፈሳል። እያተመ ሳለ መብራት ከሄደ ደግሞ የማተሚያው ራስ ወደ ክዳኑ ሳይመለስ ስለሚቀር ቀለሙ ይደርቅበታል፣ እሱን ለመክፈት የሚደረገው ጽዳትም ተጨማሪ ቀለም ይበላል። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ በወር ጥቂት ገጽ ለሚያትም ሰው ኢንክጄት መግዛት ኪሳራ ነው። የከለር ሥራ ለሚበዛበት ቤት ግን ኤፕሰን እ.ኤ.አ. በ2010 ለመጀመሪያ ጊዜ በኢንዶኔዥያ ያቀረበው፣ ከጠርሙስ በቀጥታ የሚሞላው ባለ ታንክ ዓይነት ካርትሪጅን ከነጭራሹ ያስቀራል።

ወደ ሌዘሩ ስንመለስ፣ ቶነሩ ሊያልቅ ሲል ካርትሪጁን አውጥቶ ወዲያና ወዲህ ቀስ ብሎ መነቅነቅ ጥቂት ገጾች ያስገኛል። ረቂቅን በቁጠባ ሁነታ ማተምም ይረዳል። አንድን የፈተና ወረቀት ለመቶዎች ተማሪዎች የሚያባዛ ትምህርት ቤት ግን ሌዘሩን ትቶ በስቴንስል የሚሠራ ማባዣ ቢጠቀም ይሻለዋል፤ የስቴንስሉ ዋጋ በቅጂው ብዛት ስለሚካፈል አንዱ ወረቀት እጅግ ይረክሳል።

የማስሞላትን በር እያጠበበ ያለው በካርትሪጁ ላይ የሚለጠፈው ቺፕ ነው። በአንዳንድ ሞዴሎች ቺፑ ካልተቀየረ ፕሪንተሩ የተሞላውን ካርትሪጅ ባዶ ነው ይላል። ከዚህ የባሰው ኤችፒ ፕላስ የተባለው አሠራር ነው፤ ፕሪንተሩ ሁልጊዜ ኢንተርኔት እንዲኖረውና የኩባንያውን ኦሪጅናል ካርትሪጅ ብቻ እንዲቀበል ያስገድዳል። እነዚህ ማሽኖች በሞዴል ስማቸው መጨረሻ ላይ ባለው የላቲን «ኢ» ፊደል ይለያሉ፤ ገዢ ከመክፈሉ በፊት ካርቶኑ ላይ ሊያየው ይችላል።