ከፎቶግራፉ ጀርባ ያለው ጽሕፈት፦ የደቡብ ሱዳን ሥዕሎች በድረ ገጽ

በኦክስፎርድ የሚገኘው የፒት ሪቨርስ ሙዚየም በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) አጋማሽ የደቡብ ሱዳን ስብስቡን በድረ ገጽ ለሕዝብ ሲከፍት፣ ከቁሳቁሶቹ ጋር አምስት ሺህ ያህል ፎቶግራፎችን አብሮ አወጣ። ከእነዚህ መካከል ከፍተኛውን ድርሻ የያዙት የማኅበረሰብ አጥኚው ኢ. ኢ. ኤቫንስ ፕሪቻርድ ከ1926 እስከ 1930 በአዛንዴ፣ ከ1930 እስከ 1936 ደግሞ በተለያየ ጊዜ በኑዌር አገር ሲመላለስ ያነሣቸው ናቸው።

ስለ ሥዕሎቹ ብዙ ተጽፏል። የቋንቋ ባለሙያ ግን አስቀድሞ ሊያነብ የሚገባው ከሥዕሉ ሥር ያለውን ነው። በየመዝገቡ ላይ አንሺው በሥዕሉ ጀርባ ወይም በተለጠፈበት ካርቶን ላይ በእጁ የጻፈው፣ የሙዚየሙ ሠራተኞች በኋላ የጨመሩት፣ ሥዕሉ በመጽሐፍ ታትሞ እንደሆነም የታተመበት ስፍራ ለየብቻው ሰፍሯል። የብዙዎቹ የመዝገብ ቁጥር በ1998 ይጀምራል። ይህ ሥዕሉ የተነሣበት ሳይሆን በሙዚየሙ ደብተር ቁጥር የተሰጠበት ዓመት ስለሆነ፣ ሳይጠነቀቅ የሚያነብን ሰው ሰባ ዓመት ያህል ያሳስታል።

የጽሑፎቹ ዘመን ለሥርዓተ ጽሕፈት ታሪክ ልዩ ዋጋ አለው። በ1928 በሬጃፍ በተደረገው የቋንቋ ጉባኤ ለደቡብ ሱዳን ቋንቋዎች በላቲን ፊደል ላይ የተመሠረተ አጻጻፍ እንዲኖር፣ ለትምህርት የሚያገለግሉትም ቋንቋዎች እንዲለዩ ተወስኗል፤ ኑዌርኛና ዛንዴ ከተመረጡት ውስጥ ነበሩ። ኤቫንስ ፕሪቻርድ የአዛንዴ ጥናቱን የጀመረው ከጉባኤው በፊት፣ ያጠናቀቀው ከጉባኤው በኋላ ነው። ስለሆነም በፎቶግራፍ ጀርባ የሰፈረ የሰው፣ የመንደር ወይም የዕቃ ስም፣ አጻጻፉ ገና ባልጸናበት ወቅት አንድ ጆሮ የሰማውን አንድ እጅ እንዴት እንዳስቀመጠው ያሳያል። ስሙን በዛሬው አጻጻፍ አስተካክሎ የቀድሞውን የሚሰርዝ ካታሎግ ይህን ምስክር ያጠፋል።

የቀድሞው ብቻውን ሲቀር ደግሞ ጉዳቱ በፈላጊው ላይ ይወድቃል። ኑዌርና አኝዋ ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም ይኖራሉ። በጋምቤላ በኑዌርኛ የተማረ ወጣት የአያቱን መንደር ስም፣ የትንፋሽ አናባቢዎችን በምልክት በሚለየው የትምህርት ቤቱ አጻጻፍ ቢፈልግ፣ ያለ ምልክት በ1930ዎቹ የተጻፈውን ላያገኘው ይችላል። ሥዕሉ ለሕዝብ ተከፍቷል፤ ለእርሱ ግን እንደተዘጋ ነው። የሕዝቡ ስም ራሱ ሌላ ችግር ነው። ኑዌር የሚለው ከጎረቤት እንደመጣ ይገመታል፤ እነርሱ ራሳቸውን የሚጠሩት ናት ብለው ነው (የመጨረሻው ተነባቢ ምላስ ጥርስን ነክቶ የሚፈጠር ስለሆነ ፊደላችን ለይቶ አይጽፈውም)። የአዛንዴው ይከፋል፤ የ19ኛው መቶ ዘመን ተጓዦች ሕዝቡን ሰው በላ አድርገው ባሙበት «ኒያም ኒያም» በሚል ስም ይጠሩት ነበር። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት እንዲህ ያለው ስም ከነዘመኑና ከነጻፊው በታሪክ መስክ ሊቀመጥ እንጂ በመፈለጊያው አናት ላይ ሊውል አይገባም፤ ቀዳሚው ስፍራ ሕዝቡ ራሱን ለሚጠራበት ስም ነው።

የግለሰቦች ስም ጉዳይ ከዚህም ይጠልቃል። ኤቫንስ ፕሪቻርድ አገልጋዩን ካማንጋን በአዛንዴ ባለመድኃኒቶች ዘንድ እንዲሠለጥን አድርጎ በ1937 ባሳተመው መጽሐፉ ስላወሳው፣ የካማንጋ ሥዕል ከነስሙ ይገኛል። ሌሎች ብዙዎች ግን «ወጣት»፣ «ሴት» ተብለው ቀርተዋል። ድረ ገጹ ፊታቸውን ለዓለም እኩል አሳየ፤ ስማቸውን ግን ሊያመጣው አልቻለም።

ስም እንዴት እንደሚመለስ ያሳየው የምዕራብ ኬንያው ሙከራ ነው። ይኸው አጥኚ በ1936 በሉኦ አገር ያነሣቸው ሥዕሎች በወረቀት ታትመው በ2007 «ፓሮ ማኔኔ»፣ ማለትም ያለፈውን ማሰብ፣ በሚል ርእስ ለባለ አገሩ ታዩ። ዘመዶቻቸውን ያወቁ ሰዎች ስማቸውን ተናገሩ። ይህን ያስገኘው ሥዕሎቹን ተሸክሞ ወደ ሰዎቹ ቀዬ መሄድ እንጂ ድረ ገጹ አይደለም።

የተነገረው ስም ወደ መዝገብ ሲመለስ ግን እንደገና በፊደል ብቻ ከተጻፈ የ1928ቱ ችግር ይደገማል። የኑዌርኛ መደበኛ አጻጻፍ ቃናን አያመለክትም። ስለዚህ በመዝገቡ ላይ ከአንሺው ጽሕፈትና ከዛሬው አጻጻፍ ጎን፣ ስሙን የሚያውቅ ሰው ሲጠራው የተቀረጸ ድምፅ ቢቀመጥ ይበጃል፤ ለሙዚየሙ ጥቂት ተጨማሪ መስኮች ናቸው። ሥራው የእኛ ነው፤ ጊዜውም አጭር ነው፤ በ1936 ሥዕል ሲነሣ ታዝሎ የነበረ ሕፃን ዛሬ በዘጠናዎቹ ደጃፍ ላይ ነው።