ነቀምቴ ላይ ፎቶ ከመነሳታችን በፊት

በዒድ ሰሞንና በክረምት እረፍት ከጊዳ አያና፣ ከጉቲንና ከአካባቢው ከተሞች ወደ ነቀምቴ የሚሄዱ ወንድሞችና እህቶች ስልካቸውን አውጥተው የሚቆሙባቸው ቦታዎች ይታወቃሉ። አንዱ የኩምሳ ሞሮዳ ቤተ መንግሥት ነው፤ ሌላው የወለጋ ሙዚየም ነው። ፎቶው ማታውኑ ቴሌግራም ላይ ይለቀቃል። ከሥሩ የሚጻፈው ግን "ነቀምቴ" የሚል አንድ ቃልና ሁለት የልብ ምልክት ነው። ዛሬ ልናወራ የፈለግነው ከፎቶው ሥር ባዶ ስለሚቀረው ቦታ ነው።

አስቀድመን አንድ ነገር እንበል። ፎቶግራፍ ላይ ያለው የዑለማዎች ኺላፍ የታወቀ ነው። የግብፅ ሙፍቲ የነበሩት ሸይኽ ሙሐመድ በኺት አል-ሙጢዒ በካሜራ የሚያዝ ምስል እንደሚፈቀድ ራሱን የቻለ ሪሳላ ጽፈዋል፤ ጠበቅ ያለ አቋም የያዙም አሉ። ክርክሩ ግን ነፍስ ባለው ነገር ላይ እንጂ በሕንፃና በተራራ ላይ አይደለም። የመዲናን የመጀመሪያ ፎቶዎች እ.ኤ.አ. በ1861 ያነሳው ሙሐመድ ሳዲቅ ራሱ ሙስሊም ነበር፤ የግብፅ ጦር መኮንንና መሐንዲስ። ካሜራውን የያዘው መንገድና ቦታ እየለካ፣ ያየውን እየመዘገበ ሲሄድ ነው። ፎቶውና ጽሑፉ አብረው ነበሩ። እኛ ጋ የጎደለው ሁለተኛው ነው።

አሁን ወደ ቤተ መንግሥቱ ግቢ እንግባ። የእንጨት በረንዳ ያለው ባለ ፎቅ ቤት በጠዋት ብርሃን ያምራል፤ በተለይ ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ በጥቅምት። ነቀምቴ የሌቃ ገዢዎች መቀመጫ ነበረች። የበከሬ ልጅ ሞሮዳ በ1874 ዓ.ም. ገደማ ራስ ጎበና ዳጬ በምኒልክ ስም ሲመጡ ጦርነት አልመረጠም፤ ገባ። በዚህ ምክንያት አገሩ አልተቃጠለም፣ ገዢው ቤተሰብም በቦታው ቀረ። ልጁ ኩምሳ አባቱን ተክቶ፣ ክርስትና ተነስቶ፣ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ተባለ። ቤቱ የዚህ ቤተሰብ ነው። በኋላ ደርግ ወረሰው።

ስለ ሞሮዳ ሲነሳ አንዱ "ሸጠን" ይላል፣ ሌላው "አዳነን" ይላል። በእኛ አስተያየት ሁለቱም የሚዘሉት ጥያቄ አለ፤ የሰላሙን ዋጋ ማን ከፈለ? ግብሩ ወርቅና የዝሆን ጥርስ ነበር። ወርቅ ከወንዝ አሸዋ የሚያጥበው፣ ማር የሚያገባው፣ ለገዢው የሚያርሰው ገባሩ ነው። በረንዳውን ፎቶ ስናነሳ የእሱን መልክ አናገኝም።

ወርቅ ደግሞ በራሱ አይሄድም፤ ነጋዴ ይፈልጋል። የእኛ ሰዎች እዚህ ይገባሉ። ከጎጃም ዓባይን ተሻግረው አሞሌና ጨርቅ ይዘው የሚመጡ ጀበርቲዎች፣ አፍቃላ የሚባሉ የኦሮሞ ሙስሊም ነጋዴዎች፣ ከሱዳን በኩል የሚገቡ ጀላባዎች ነበሩ። እንደ ቢሎ ያሉ የሌቃ ገበያዎች የደመቁት በእነዚህ ሰዎች ነው። በወለጋ ብዙ ቦታ እስልምና የገባው በሲራራ ነጋዴው በኩል ነው፤ ይህን በኩራት እናወራለን፣ ማውራታችንም ልክ ነው። ነገር ግን በዚያው ሲራራ ላይ ከወርቁ፣ ከዝባዱና ከቡናው ጋር ሰውም ይሸጥ ነበር። ገዝተውና ሸጠው ካተረፉት ውስጥ ሙስሊሞች ነበሩበት። ታሪክ አማና ነው ካልን የሚጥመንን ብቻ መርጠን አንናገርም።

በ1890 ዓ.ም. ራስ መኮንን ቤኒ ሻንጉልን ለማስገበር ሲዘምቱ የኩምሳና የቄለሙ የጆቴ ቱሉ ጦር አብሯቸው ነበር። በዚያ ዘመቻ ከገበሩት ሙስሊም ገዢዎች አንዱ የአሶሳው ሸይኽ ኾጀሌ አል-ሐሰን ናቸው። ለዓመታት በምኒልክ እጅ ታስረው ቆዩ፤ ተፈተው ሲመለሱ የአካባቢው ኃያል ሆኑ። ከእሳቸው ወደ መሐል አገር የሚሄደው ወርቅ ነበር፤ ባሪያም ነበር። አዲስ አበባ ሸጎሌ የሚገኘው አሮጌ ቤታቸው ዛሬ ጎብኚ ፎቶ የሚያነሳው ቅርስ ነው፤ የሰፈሩ ስምም ከእሳቸው ስም የመጣ እንደሆነ ይነገራል። ስለዚህ ነቀምቴ ላይ የኩምሳን በረንዳ፣ ሸጎሌ ላይ የሸይኽ ኾጀሌን ቤት ያነሳ ልጅ ሳያውቀው የአንድ ታሪክ ሁለት ገጽ ይዟል። በአንደኛው ላይ ገዢው ክርስቲያን ነው፣ በሌላው ሙስሊም። ከበረንዳው በታች ያለው ሰው የኑሮ ጫና ግን ብዙም አይለያይም።

ሁለተኛው የፎቶ ቦታ የወለጋ ሙዚየም ነው። በውስጡ ከጣሊያን ወረራ ዘመን የቀረ የአውሮፕላን ስብርባሪ አለ፤ ወጣቱ ሁሉ አጠገቡ መቆም ይወዳል። እዚያ የምትቆሙ ቦነያን አስታውሱ። ጣሊያን አዲስ አበባ ከገባ ሁለት ወር ሳይሞላው፣ በሰኔ 1928 ዓ.ም.፣ ሦስት የጣሊያን አውሮፕላኖች ከነቀምቴ ብዙም በማይርቀው ቦነያ አረፉ። በውስጣቸው ጄኔራል ማሊዮኮ ነበረ። ዓላማቸው የኩምሳን ልጅ ደጃዝማች ሀብተ ማርያምን አግኝተው ወለጋን ያለ ውጊያ መያዝ ነበር። የጥቁር አንበሳ አርበኞች፣ አብዛኞቹ የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ወጣቶች፣ በሌሊት ደርሰው አውሮፕላኖቹን አቃጠሉ፤ የመጡትንም ገደሉ። ቦሬሎ የሚባል ቄስ ብቻ ተረፈ።

ከሞቱት ውስጥ አንቶኒዮ ሎካቴሊ ይገኝበታል። አብራሪ ነበር፣ ተራራ ወጪ ነበር፣ ፎቶ አንሺም ነበር፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከሰማይ ሆኖ የጠላትን ይዞታ ፎቶ በማንሳት ስሙ የወጣ ሰው። አገራችንን ከላይ እያየ ለሚወርር መንግሥት የሚሠራ ካሜራ ነበረ ማለት ነው። ካሜራ ሁልጊዜ የዋህ ዕቃ አይደለም።

ደጃዝማች ሀብተ ማርያምስ? እሳቸውና ሌሎች የምዕራብ ኦሮሞ ባላባቶች በዚያው ወቅት በጎሬ በነበረው የእንግሊዝ ቆንስል በኩል ከጣሊያን የሚያድናቸው ጥበቃ ጠይቀው ነበር። አልተሳካም። በመጨረሻ ለጣሊያን ገቡ። አርበኞቹና ባላባቱ በአንድ ከተማ ዙሪያ፣ በአንድ ወር ውስጥ፣ ሁለት የተለያየ መንገድ ያዙ። አያት ሞሮዳ ሃምሳ ዓመት ቀድሞ የገጠመው ጥያቄ ተመልሶ መጣ ማለት ነው፤ በዚህኛው ዙር ግን መልሱን የሚሰጠው ገዢው ብቻ አልነበረም፣ የሃያ ዓመት ልጆችም ነበሩበት።

በመንገዳችሁ ላይ የአንገር ሸለቆ አለ። ከላይ ሲታይ ለፎቶ የሚጋብዝ ነው፤ ወንዙ ወደ ዴዴሳ፣ ዴዴሳ ወደ ዓባይ ይሄዳል። ጊዜው የሚጠይቀውን ጥንቃቄ እናንተም ታውቃላችሁ፤ ድልድይ፣ ኬላና የፀጥታ ኃይል አታንሱ፣ ለፎቶ ብላችሁም ከዋናው መንገድ አትራቁ።

በዚህ ሸለቆና በአንገር ጉቲን ግን ከእይታው የሚበልጥ ፎቶ አለ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ምክንያት ከወሎ ተነስተው በመንግሥት ሰፈራ ወደ ወለጋ ከመጡት እጅግ ብዙ ሰዎች ውስጥ ሙስሊሞቹ ቁጥራቸው ብዙ ነበር። ቁርኣን የያዙ መሻይኾችም አብረው መጥተዋል። ያኔ ጎልማሳ የነበሩት ዛሬ ሰማንያ አልፈዋል፤ ብዙዎቹም ወደ አኼራ ሄደዋል፣ አላህ ይዘንላቸው። ከኦሮሞ ጎረቤቶቻቸው ጋር እንዴት እንደተዋወቁ፣ የመጀመሪያው ጁምዓ የት ዛፍ ሥር እንደተሰገደ፣ የመጀመሪያው ቀብር የት እንደሆነ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ያኔ የተሠሩ የጭቃና የቆርቆሮ መስጂዶች በብሎኬት እየተተኩ ነው፤ መተካታቸው መልካም ነው፣ አልሐምዱሊላህ። የሚያሳዝነው አሮጌው ሲፈርስ ፎቶ የሚያነሳው አለመገኘቱ ነው። የሚለቀቀው የአዲሱ ሚናራ ፎቶ ብቻ ነው።

በሚቀጥለው ዒድ ነቀምቴ ስትሄዱ ፎቶ ተነሱ፣ ማንም አይከለክላችሁም። ስትመለሱ ግን የሰፈራችሁን አሮጌ መስጂድ ሳይፈርስ አንሱት፤ ከውጭም፣ ሚሕራቡንም፣ የዉዱእ ቦታውንም። ሽማግሌዎቹ ከፈቀዱ እነሱንም፣ ካልፈቀዱ ድምፃቸውን ብቻ ቅዱ። መቼ እንደተሠራ፣ ማን እንጨት እንዳመጣ፣ ማን ቆርቆሮ እንደገዛ ጠይቃችሁ ከፎቶው ሥር ጻፉ። በገጹ መልእክት ሳጥን ላኩልን፤ ከነጽሑፉ እናወጣዋለን፣ ኢንሻአላህ።